እኩል የከፈልኩት ብልቃጥ

መርክነህ መሞቱን የሰማሁት ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። የልጅ ልጄን የሲፈንን የስኳር መድኃኒት ልቀበል ጤና ጣቢያው ፋርማሲ መስኮት ፊት ቆሜያለሁ። ከፊቴ ስድስት ሰው አለ። አዲሷ የመድኃኒት ባለሙያ ለአንድ ሽማግሌ ስለ ክኒናቸው ስታስረዳ አልገባ አላቸውና፣ "ያ መርክነህ የሚባለው ልጅ ቢኖር ይገባኝ ነበር" አሏት።

"እሱ እኮ አረፈ፣ አባባ። ትናንት ተቀበረ" አለች።

ከኋላዬ የቆመ ጎልማሳ ወደ ጎረቤቱ ዘወር ብሎ፣ "የትኛው ነው? ያ በቸልተኝነት ሰው ሊገድል የነበረው?" ሲል ሰማሁት።

ዞሬ አየሁት። ክፋት የለበትም፤ የሰማውን ነው የሚናገረው። እኔ በቡልቡላ የምታወቅ ሴት ነኝ። ሰልፍ ዘሎ የሚገባ ሰው ካየሁ በክንዱ ይዤ እመልሳለሁ፤ ታክሲ ላይ ደካማ ሰው ቆሞ ጎረምሳ ከተቀመጠ አስነሳለሁ። ያን ቀን ግን ምላሴ ታሰረ። ሰው ልትገድል የነበረችው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ሁሉ ሰልፈኛ መካከል ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሙሉውን የሚያውቀው ሌላው ሰው ትናንት ተቀብሯል።

ስለዚህ እጽፋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው። ሲፈን ፊደሉን ታርምልኛለች፤ ነገሩን ግን እንዳለ ነው የማስቀምጠው።

መርክነህ ከወላይታ የመጣ፣ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ ከትከሻው የሚሰፋው ቀጭን ሰው ነበር። መልኩ ጠይም ነው፤ የጣቶቹ መገጣጠሚያና የመዳፉ መስመር ግን ጥላሸት የነካው ይመስል ጠቁሯል። ድዱም እንደ ተነቀሰ ጠቁሮ፣ ሲስቅ ጥርሱ ነጥቶ ይታያል። ጨው ይወዳል። ብርቱካን ልጦ ላዩ ላይ ጨው ሲነሰንስ ያየሁት ሰው እሱ ብቻ ነው።

"ደም ብዛት ይገድልሃል፣ አንተ ልጅ" አልኩት አንድ ቀን።

"ደም ብዛት እኔን አይፈልገኝም፣ አዴ ብርቄ። እኔ ነኝ የምፈልገው" አለኝ።

አዴ በእኛ በቡልቡላ ገበሬ ልጆች ቋንቋ ትልቅ ሴት የሚጠራበት ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች "እማማ" ይሉኛል። እሱ ግን በመጣ በወሩ ይህን ቃል ተምሮ ነበር። አባቴ ጤፍ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ ያንን መሬት ስም እየጠራ የሚጠይቀኝም እሱ ነበር።

መድኃኒት አሰጣጡን ሳልናገር አላልፍም። ኢንሱሊኑን ከፍሪጅ ያወጣና ብልቃጡን በሁለት መዳፉ መካከል አድርጎ ቀስ እያለ ያንከባልለዋል። ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየዋል። ከዚያ በእጅህ ላይ ያስቀምጥና ጣቶችህን አንድ በአንድ አጥፎ ይዘጋልሃል። ሰልፉ ምንም ያህል ቢረዝም ይህን ሳያደርግ የሰጠበት ቀን የለም። አንዷ እናት ብልቃጡን እንደ ሳል ሽሮፕ ስትንጠው ካየ፣ "ቀስ፣ እናቴ። ይሄ መድኃኒት ቁጣ አይወድም" ይላታል።

የተዋወቅነው በጥል ነው። ሲፈን ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ፣ ልጄ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ጽዳት ክፍል ስለምትሠራ ማለዳ ትወጣለች፤ መርፌው የእኔ ሥራ ሆነ። ያ ትንሽ ክንድ በቀን ሁለቴ ሲወጋ እያየሁ ሁለት ወር ከርሜያለሁ። አንድ ጠዋት ከፊቴ የነበረች ወጣት ሴት አንድ ሰሌዳ ክኒን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተት አደረገች።

"ይሄ የሰጠሃት ምንድን ነው?" አልኩት።

"የሰው መድኃኒት አይጠየቅም፣ እማማ።"

ሴትየዋ ራሷ ሳቀች። "የወሊድ መከላከያ ነው። ይፈልጋሉ እንዴ?"

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። "ሆርሞን ነው አይደል? በሬዲዮ ሰምቻለሁ" አልኩት።

"አዎ፣ ሆርሞን ነው።"

"የእኔ ልጅስ?"

"ኢንሱሊንም ሆርሞን ነው።"

"ታዲያ እሷ ክኒን ውጣ ስትሄድ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን የምትወጋው በምን ሕግ ነው?"

አሁንም ሳቁ። መርክነህ ግን አልሳቀም፤ የሲፈንን ካርድ ይዞ አየኝ። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ሁለት ቦታ ጠይቄያለሁ። አንዷ "ሥራ አያስፈቱኝ" ብላኛለች፤ ሌላው ወደ ሰማይ አመልክቶ "እሱን ይጠይቁ" ብሎኛል። መርክነህ፣ "ስድስት ሰዓት ላይ ጓሮ ይምጡ። ጥያቄው መልስ አለው" አለኝ።

ሄድኩ። ከጽዱ ሥር አግዳሚ ላይ ምሳውን ከፍቶ ተቀምጧል። ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ቀዳ። ከወጡ ላይ የተንሳፈፈውን ዘይት በማንኪያ ጫፍ አነሳና ውሃው ላይ ጠብ አደረገው።

"ተዋሐዱ?"

"ዘይትና ውሃ መቼ ተዋሕዶ ያውቃል።"

"ጥሩ። ሰውነታችን ከትንንሽ ቤቶች የተሠራ ነው፤ ሴል ይባላሉ። የቤቱ ግድግዳ ስብ ነው። ያቺ ሴት የወሰደችው ሆርሞን ደግሞ የስብ ዘመድ ነው፤ ስብ ውስጥ ይሟሟል። ስለዚህ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ማንም አያቆመውም፤ ሰርጎ ይገባል። ውስጠኛው ክፍል ድረስ ይሄድና ትእዛዝ የተጻፈበትን መዝገብ ከፍቶ ያሠራል። ሥራው ይዘገያል፤ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀን ይፈጃል። ከያዘ ግን ይቆያል። ጨጓራም አይፈጨውም፤ ለዚያ ነው የሚዋጠው።"

"የእኛውስ?"

"የእናንተው ፕሮቲን ነው። ረጅም ሰንሰለት ተጠቅልሎ ተጣጥፎ የተቋጠረ። ልጅቷ ብትውጠው ጨጓራዋ ከሥጋ ቁራጭ አይለየውም፤ ፈጭቶ ይበላዋል። በሙቀት፣ በብርድ፣ በመናጥ እጥፋቱ ከተፈታም ምንም አይሠራም። በመርፌ ደም ውስጥ ቢገባም የሚስማማው ከውሃ ጋር ነው፤ የስቡን ግድግዳ አያልፍም። ደጅ ላይ ይቆማል። ግድግዳው ላይ ለእሱ የተሠራ መቀበያ አለ፤ እሱን ሲነካ ውስጥ ያሉት ይሰሙና ለስኳሩ በር ይከፍታሉ።"

"ውጭ ቆሞ ነው የሚያሠራው? እንደ ፎርማን?"

"ልክ እንደ ፎርማን። ለዚያ ነው ቶሎ የሚሠራው፣ ቶሎም የሚያልቀው። ድምፁ ከጠፋ በሩ ይዘጋል። ነገ እንደገና መምጣት አለበት።"

የምለው ነገር ነበረኝ። "እና ለአንዱ ግድግዳው ይከፈትለታል፣ ሌላው ደጅ ይቆማል። ያም ሆርሞን፣ ይሄም ሆርሞን።"

"ይሄ ፍርድ አይደለም፣ አዴ ብርቄ። የተሠሩበት ነገር ነው።"

"ሰው ሲበደልም ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚባለው። የተሠራበት ነገር ነው ይሉሃል።"

ያኔ ነው ድዱ እስኪታይ የሳቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲፈንን "የፎርማኗ ልጅ" እያለ ይጠራት ነበር። ራሷን መውጋት ያስተማራትም እሱ ነው። ብልቃጡን በመዳፎቿ ስታንከባልል እኔ አጠገቧ ቆሜ አያለሁ። ከፍሪጅ ስለወጣ ለማሞቅ መስሎኝ ነበር። ያን ሁሉ ጠይቄው ይህችን ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ከሁለት ዓመት በላይ እንዲህ ቆየን። ከዚያ ኢንሱሊን የሚጠፋበት ወር መጣ። ሰው ከላምበረት፣ ከጎሮ፣ ከሰሚት እየመጣ ይሰለፋል፤ ባዶ እጁን ይመለሳል። አንድ ቅዳሜ ለእኔ አንድ ብልቃጥ ደረሰኝ። ከኋላዬ የቆመችው ትዕግስት ናት፤ ከእኛ ፊት ለፊት ያለው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ልብስ ሰፊ፤ እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ በኢንሱሊን የምትኖር።

መርክነህ በሁለት እጁ መስኮቱን ይዞ፣ "አልቋል፣ ትዕግስት። ሰኞ ጠዋት ሌላ ጤና ጣቢያ ሄጄ አመጣልሻለሁ። የዛሬና የነገ አለሽ?" አላት።

"የዛሬ አለኝ" አለች። ውሸቷን ነው፤ ድምጿ ነግሮኛል።

የጤና ጣቢያውን ደንብ ሁላችንም እናውቃለን፤ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። ስሙ የተመዘገበ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ለሌላ ሰው ካስተላለፈ ከነፃ ተጠቃሚዎች ዝርዝር ይሰረዛል። ደንቡን አነበብኩት። ከዚያ በሩ ላይ ትዕግስትን ጠበቅኳትና፣ "የዛሬውስ ውሸት ነው። ነይ እንካፈላለን" አልኳት።

"እማማ፣ የሕፃን መድኃኒት አልወስድም።"

"ትወስጃለሽ። እኔ ጠግቤ ጎረቤቴ ስትራብ አላይም፤ ይሄም እንደዚያው ነው።"

ብልቃጡን ቤት ወስጄ ፍሪጅ ውስጥ አቆምኩት። ከሰዓት በኋላ ትዕግስት ባዶ ብልቃጥ ቀቅላ፣ ረጅም መርፌ ያለው ትልቅ ስሪንጅ ይዛ መጣች። ከፍሪጅ ሳወጣው ነጩ ነገር ከታች ረግቷል፤ ከላይ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል። ጠላ ጠምቄ አድጌያለሁ፤ ቅቤ አንጥሬ አርጅቻለሁ። ከላይ የጠራው ምርጡ ነው፤ ከታች የሚቀረው አተላ ነው። እና ምን አደረግሁ? አተላው እንዳይነሳ ብልቃጡን ሳላነቃንቅ መርፌውን ከላይ ብቻ አስገብቼ፣ እየቀዳሁ ለትዕግስት ሰጠሁ። የጠራውን ለእንግዳ፣ አተላውን ለቤቴ። በስሪንጁ መስመር ለክቼ እኩል አደረግሁት፤ አንድ ጠብታ አላዳላሁም። ትዕግስት እጄን ሳመች። እኔም ያን ቀን በራሴ ረክቼ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሲፈን ስሪንጁን ብርሃን ላይ ይዛ፣ "አኮ፣ ዛሬ እንደ ወተት ወፍሯል" አለችኝ። አኮ አያቴ ማለቷ ነው።

"ከወፈረ ይጠቅማል። ተወጊ" አልኳት።

ከሰዓት በኋላ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ምሳ ስላልበላች ነው ብዬ ሻይ በስኳር ሰጠኋት። ሰኞ ከትምህርት ቤት ተደወለልኝ። ክፍል ውስጥ ወድቃለች፤ አፏ ውስጥ ስኳር ከተው ነው ያነቋት። ተሸክሜያት ነው ማለት ይቻላል ጤና ጣቢያ ያደረስኳት። መርክነህ ከመስኮቱ አየንና ወጣ።

"ምን ተለወጠ? ምግብ? ሩጫ?"

"ምንም።"

"መድኃኒቱስ?"

ሲፈን ናት የመለሰችው። "አኮና ትዕግስት ተካፍለውታል።"

መርክነህ ወደ እኔ ዞረ። "ስትከፍሉት አንከባልላችሁታል?"

"ለማሞቅ አይደለም እንዴ?" አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሆርሞኑ ያለው ነጩ ውስጥ ነው። እንዲዘገይ ተብሎ ነው ከሌላ ነገር ጋር የታሰረው፤ ስለታሰረ ውሃው ውስጥ አይሟሟም፤ ይረጋል። ለሲፈን የቀረው እጥፍ ነው። ለትዕግስት የሰጡት…" አለና ሳይጨርስ ጋዋኑን አውልቆ አግዳሚው ላይ ጣለ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ሰልፉ በር ድረስ ደርሷል። "አቶ መርክነህ፣ ወዴት ነው?" እያሉ ሲጠሩት ሮጠ። እኔም ሲፈንን ለነርሷ ሰጥቼ ተከተልኩት።

ትዕግስት በሯን አልቆለፈችም። አልጋ ላይ ናት፤ ወለሉ ላይ ባልዲ አለ። ትንፋሿ እንደ ሯጭ ይከንፋል፤ ቤቱ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ስሟን ስጠራት ዓይኗን ገልጣ አየችኝና መልሳ ጨፈነች። ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ስትወጋ ከርማለች፤ እኔ የሰጠኋትን ውሃ። መርክነህ ያን ቀጭን ገላውን ይዞ ከአራተኛ ፎቅ ተሸክሞ አወረዳት፤ ባጃጅ አስቁሞ ሆስፒታል ወሰዳት። እኔ እግሮቿን ይዤ ነበር። እግሮቿ ቀዝቃዛ ነበሩ።

ሦስት ቀን አልነቃችም። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጠን ሳለ ነው መርክነህ የራሱን የነገረኝ። ከሸሚዝ ኪሱ ትንሽ ቆርቆሮ አውጥቶ ክኒን ዋጠ። ሲውጥ ብዙ ጊዜ አይቼው ቪታሚን መስሎኝ ነበር።

"ይሄስ ምንድን ነው?"

"ሆርሞን። ከኩላሊት በላይ ያለች እጢ የምትሠራው ነው። የእኔ ሥራ አቁማለች፤ ጥቁረቱም የጨው ፍቅሩም ከእሷ ነው።"

"እና ትውጠዋለህ።"

"እውጠዋለሁ። የስብ ዘመድ ነው፤ ግድግዳው አይከለክለውም።"

"አንተስ ታድለሃል" አልኩት። በዚያ ሰዓት እንዲህ አልኩት፤ ይህም አይረሳኝም።

"ካላስመለሰኝ" አለኝ። "ካስመለሰኝ ክኒኑ አብሮ ይወጣል። ያኔ እኔም የእናንተ ወገን ነኝ፤ መርፌ ካላገኘሁ ቀኑን አልጨርስም።"

ቀጥሎ ያለው ነው ሌሊት የሚያነቃኝ። ትዕግስት ነቃች፤ ዓይኗ ግን እንደ ድሮው አያይም፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቷት የልብስ ስፌት መኪናዋን ሸፍናለች። ጤና ጣቢያው አጣራ። ማን ነው መድኃኒቱን ያካፈለው? የሲፈን ስም ከዝርዝሩ ሊሰረዝ ነው። ኃላፊው ክፍል ገብቼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጅቷ ምን አደረገች ልል ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። መርክነህ ከዚያ ክፍል ሲወጣ አገኘኝ።

"ይመለሱ" አለኝ።

"ልናገር ነው።"

"ተናግሬያለሁ። ያካፍሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ አከፋፈሉንም ያላሳየሁ እኔ ነኝ ብያለሁ።"

"ውሸት ነው። አላልከንም።"

"አዴ ብርቄ፣ እኔ ብቀጣ ቦታ ይቀይሩኛል። ሲፈን ብትሰረዝ ስንት ቀን ትኖራለች?"

ድፍን ቡልቡላ ለፍትሕ ስጮህ ያውቀኛል። ያን ቀን አፌን ዘጋሁ። ለምን እንደዘጋሁ አውቃለሁ፤ የልጅ ልጄን መርጬ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ሳልጽፍ ባልፍ ይሄ ጽሑፍ ውሸት ይሆናል። ቀልሎኛል። ሌላ ሰው ስለተሸከመው ቀልሎኛል። ሰባት ወር ሙሉ ቀልሎኝ ኖሬያለሁ።

በሥራ ቸልተኝነትና ሥራ ጥሎ በመሄድ የሚል ደብዳቤ ሰጡት። ከላምበረት ተሳፍሮ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚያስኬድ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ መደቡት። ቤተሰቡ ጎሮ ስለነበር በየሳምንቱ ይመላለሳል። የመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ላምበረት መናኸሪያ ነው፤ የእህቴን ልጅ ልሸኝ ሄጄ። በመስኮት አየኝና ወረደ። አንገቱ ቀጥኗል።

"የፎርማኗ ልጅ እንዴት ናት?"

"ደኅና ናት። መርክነህ፣ ልናገር። ይብቃ።"

"ዝርዝሩ ላይ ናት?"

"ናት።"

"ታዲያ ምን ጎደለ?" አለና ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ተመልሶ ገባ።

በዚያ መንገድ ላይ ነው የሞተው። ይህን የሰማሁት ከሚስቱ ከአስቴር ነው። ከሰልፉ በቀጥታ ጎሮ ሄድኩ። ድንኳኑ አልተነሳም፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ዝግ ባለ ድምፅ ይዘምራሉ። አስቴር ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አላወቀችኝም። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ለሁሉም የነገረችውን ለእኔም ነገረችኝ። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ሆዱን አሞት ነበር። አውቶቡሱ ላይ አስመለሰው። ክኒኑን ዋጠ፤ አስመለሰው። ደግሞ ዋጠ፤ ደግሞ አስመለሰው። የሚሆነውን ስላወቀ አውርዱኝ ብሎ መንገድ ዳር ያለ ክሊኒክ ገባ። የመርፌውን ስም በወረቀት ጽፎ ሰጣቸው። መርፌው የላቸውም። ግሉኮስ ሰቅለውለት መርፌ ያለበት ቦታ ለማግኘት ሲደውሉ ዋሉ። ሲገኝ መሽቷል።

"ስልክ አንስቶ አናገረኝ" አለች። "ድምፁ ደኅና ነበር። ልጆቹን በልተው እንደሆነ ጠየቀኝ።"

ከዚህ በኋላ እኔ ነገርኳት። ብልቃጡን፣ አተላውን፣ ኮሪደሩን። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የጀመርኩት። ስጨርስ መዝሙሩ ቆሟል፤ በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ሰምቷል።

አስቴር ለረጅም ጊዜ ፊቴን አየች። "ሰባት ወር ምን እያልኩት እንደነበር ያውቃሉ?" አለችኝ። "በሰው ነፍስ እንዴት ትቀልዳለህ ነበር የምለው። ልጆችህን ለማን ጥለህ ነው ገጠር የምትመላለሰው፣ ያን ቀን አእምሮህ የት ነበር እለው ነበር። አንድ ቀን አልመለሰልኝም። ጫማውን ያስርና ይወጣል።"

"ልጄ…"

"ልጄ አይበሉኝ።"

አንዲት ሴት፣ "አስቴር፣ ተይ፣ አሮጊት ናቸው" አለቻት። አስቴር አልሰማቻትም።

"እኔን ይቅርታ አይጠይቁኝ። እኔ ምን አደርግበታለሁ። ልጆቼ አባታቸው ቸልተኛ ነበር የሚል ወረቀት መንግሥት ቤት ተቀምጦ አያድጉም። ያንን ወረቀት ያስነሱልኝ። ካልቻሉ ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳይመጡ።"

ተነሥቼ ወጣሁ። ማንም አልሸኘኝም፤ ትክክል ነው።

ያን ዕለት ሲፈንን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ግማሹን ታውቀዋለች። መናገር ማለት ምን እንደሆነም ነገርኳት፤ ስሟ ከዝርዝሩ ሊወጣ ይችላል። እናቷ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች፤ "እማዬ፣ የሞተ ሞቷል፣ ይቺ ግን አልሞተችም" እያለች። እሷም እውነቷን ነው።

ሲፈን ጥፍሯን እየበላች ቆየች። "እሱ እኔን ብሎ ነው?"

"አንቺን ብሎ ነው።"

"ከሰረዙኝ የት እናገኛለን?"

"አላውቅም።"

"ትዕግስት ታካፍለናለች?" አለች። ከዚያ የተናገረችው ነገር ራሷን አስደንግጧት አፏን በእጇ ያዘች። እናቷ ክፍሉን ጥላ ወጣች።

"እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ" አለችኝ ሲፈን በመጨረሻ። "ብቻሽን አትሂጂ።"

ሄድን። ጤና ጣቢያው ወደ ወረዳው መራን፤ ወረዳው ቅሬታ ክፍል ላከን። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሰው ወጣት ነው፤ ክራቫት አስሯል፤ በትሕትና ነው የሚያናግረኝ።

"እማማ፣ ሰውየው በሕይወት የሉም። የተዘጋ ፋይል ነው። ለማን ይጠቅማል?"

"ለሚስቱ። ለልጆቹ።"

"ይሄን ካመለከቱ ደግሞ የልጅቷ ጉዳይ አብሮ ይታያል። ደንቡን ያውቁታል?"

"ካንተ በፊት ነው ያነበብኩት።"

ሲፈንን አየ፤ እኔን አየ። ቅጹን ሰጠኝ። እኔ የተናገርኩትን ሲፈን ጻፈችው፤ አንድ ገጽ ሞልቶ ጀርባው ላይ አለፈ። ሰውየው ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አነበበውና አንድ ባዶ መስመር በጣቱ አሳየኝ።

"እዚህ ላይ የሟቹ ምን እንደሆኑ ይሙሉ። እናት፣ አክስት፣ ካልሆነም ጎረቤት።"

እስክሪብቶውን ከሲፈን እጅ ተቀበልኩ። ጊዜ ወሰደብኝ፤ ፊደሎቹም አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆኑ። ጥፋተኛ ብዬ ጻፍኩ።

ወጣቱ ወረቀቱን አዙሮ አየው። "እማማ፣ ይሄ እኮ ዝምድና አይደለም" አለኝ።

"ሌላ የለኝም" አልኩት።

መድኃኒት የምንቀበልበትን የሲፈንን ካርድ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ካርዱንና ቅጹን አንድ ላይ ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ይህን ስጽፍ አምስተኛ ቀናችን ነው፤ ካርዱ አልተመለሰልንም።